ዓይን የሌለው ካርታ

«መርዙን በደንብ አድርገው። ያለፈው ሰውዬ በቁንጥር ረጭቶ አይጦቹን ቀልቦልን ነው የሄደው» አሉ ሴትዮዋ፣ ከተቀመጡበት ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት።

ኢንስፔክተሩ የበሩን መቃን እንደያዘ ቆመ። «እኔ የመጣሁት ስለሞቱት ሰውዬ ነው።»

«የሞቱትን ፖሊስ ይዟቸዋል። አንተ ያልሞቱትን ጨርስልኝ።»

«ፖሊሱ እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። ግራ ጉንጫቸው አብጦ አንድ ዓይናቸውን ሊደፍን ምንም አልቀረው፤ አገጫቸውን በሻሽ ጠፍረው አስረውታል። «አንተ» የተባለው ሰው በአንድ ትንፋሽ «እርስዎ» ሆነ።

«ውይ፣ አፈር ስሆን ይቅርታ ያድርጉልኝ። መርዝ የሚረጨው ሰው ዛሬ እመጣለሁ ብሎኝ ነው እኮ። ቦርሳዎን ሳይ... ይቀመጡ እባክዎ።»

«ግድ የለም፤ ቆሜ ይሻለኛል።»

እውነቱን ነበር። ይህ ኢንስፔክተር ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ባልደረቦቹ ከጀርባው «አይቀመጤ» ይሉታል፤ ሚስቱ ደግሞ ከፊቱ ትለዋለች። ሰውየው ነገር ሲከነክነው እግሩ ይበላዋል። ዛሬ ደግሞ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደውሎ ካነጋገረው ጀምሮ እግሩ መሬት አልያዘለትም።

የካርታ ማስቀመጫው ክፍል ሰፊና ዝቅ ያለ ነው። ግድግዳውን ይዘው የቆሙት የብረት ቁም ሣጥኖች ከላይ እስከ ታች ስስ መሳቢያ ናቸው፤ በየመሳቢያው ውስጥ ካርታ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ተኝቷል። ውጭ የሚነፍሰው ነፋስ መስኮቱን ያንገጫግጨዋል። ፎቅ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ያለ ዕረፍት መዶሻ ይመታል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አዳራሹን እያስዋቡት ነው። በኢንጂነሩ ስም ሊሰየም አይደል? በድሮው ዘመን ያንን የወርቅ አገር፣ መንገድ የማያውቀውን በረሃና ተራራ፣ በእግራቸው ዞረው ካርታ ያወጡለት እኮ እሳቸውና ጋሽ ኮረብታ ናቸው። ሁለት ጓደኛሞች። አሁን አንዱ ሊሸለሙ፣ አንዱ...» ባዶውን ወለል አዩ።

ጋሽ ኮረብታ የሟቹ ቅጽል ስም ነው። ዕድሜ ልካቸውን ኮረብታ ሲስሉ ኖረው በመጨረሻ ጀርባቸው ራሱ ኮረብታ አወጣ ብለው ሠራተኞቹ ያወጡላቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህም ቤት መዋል አልሆነላቸውም፤ ካርታዎቹን የማደሱ ሥራ ሲጀመር አሮጌዎቹን ሉሆች ከአየር ላይ ከተነሱት ፎቶዎች ጋር እንዲያስተያዩ ተጠርተው ነበር። ትናንት ከምሳ በኋላ አንዱ ቁም ሣጥን ተደፍቶባቸው፣ ካርታዎቹ እላያቸው ላይ ተበትነው ሞተው ተገኙ። «አደጋ ነው» ተባለ። ሐኪሙ ግን ጠዋት ደውሎ ሌላ ነገር ነገረው፦ ቁም ሣጥኑ የወደቀው በፊታቸው በኩል ነው፤ የገደላቸው ምት ግን ከኋላቸው፣ ማጅራታቸው ላይ ነው።

«ያገኟቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ጥርሴን ልነቀል በምሳ ሰዓት ወጣ ብዬ፣ ስመለስ...» ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ፤ አመማቸው መሰል መልሰው አወረዱት። የክምችቱ ቁልፍ ሁሉ በእጃቸው ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ «እትዬ ቁልፍ» ነው የሚላቸው። «በሩን ከውስጥ ቆልፈው ሲሠሩ ነበር የተውኳቸው። ስመለስ ገርበብ ብሏል።»

«እንግዲያው ለሚያውቁት ሰው ከፍተዋል።»

«ለማያውቁትማ አይከፍቱም። ለእኔ እንኳ 'ማነሽ' ብለው ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ አንዱ ቁም ሣጥን ሄዶ መሳቢያ ሳበ። ከዚያ ሁለተኛውን ሊስብ ሲል እትዬ ቁልፍ በዚያ ባበጠ ጉንጫቸው ጮኹ።

«ተው! አንዱን ሳይዘጉ ሌላውን አይክፈቱ። እላይዎ ላይ ነው የሚመጣው።»

«እንዴት?»

«ወረቀት ቀላል ይመስላል እንጂ ሲጠራቀም ድንጋይ ነው። መሳቢያዎቹ አንድ ላይ ከወጡ ቁም ሣጥኑ ይደፋል። እዚህ ቤት ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው። ያስተማሩንም ራሳቸው ጋሽ ኮረብታ ናቸው።»

«የትናንቱ ቁም ሣጥን መሳቢያዎች እንዴት ነበሩ?»

እትዬ ቁልፍ እሱ የሳበውን መሳቢያ ገፍተው ዘጉት። «ሁሉም ተከፍተው ነበር» አሉ፣ በቀስታ።

ጣቢያ ሲደርስ አለቃው በፈገግታ ጠበቀው። አለቃው ፈገግ ካለ ወይ ደመወዝ ገብቷል፣ ወይ አንድ ሰው ታስሯል።

«ጉዳዩ አለቀ። አማችየው ነው» አለ አለቃው። «የሽማግሌው የልጃቸው ባል። ወርቅ ሠሪ ነው። ከትናንት ወዲያ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ 'ካርታውን ታሳየኛለህ ወይስ አታሳየኝም' እያለ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ዛሬ ሱቁን ስንፈትሽ ካርታው ተጠቅልሎ ከመደርደሪያው ጀርባ ተገኘ። የወርቅ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ የተነጠቡበት ሉህ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ሌባ ከሆነ ቁም ሣጥኑን ለምን ደፋው?»

«አደጋ ለማስመሰል።»

«አደጋ ካስመሰለ ካርታውን ለምን ሱቁ ውስጥ አስቀመጠው?»

«ጅል ስለሆነ። ወንጀለኛ ሁሉ እንዳንተ ያስባል ያለህ ማነው? ነገ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ። እስከዚያ ተቀመጥና ሪፖርትህን ጻፍ።»

«እሺ» ብሎ፣ ቃሉን ራሱም ሳያምነው ወጣ።

ወርቅ ሠሪው የእስር ክፍሉ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ወጣት ነው፤ የጣቶቹ ጫፍ በአሲድ ጠቁሯል።

«ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ሱቄን ዘግቼ ተኝቼ ነበር።»

«ማን አይቶሃል?»

«ጋሼ፣ ብቻውን የተኛ ሰው ምስክር ከየት ያመጣል?»

«ከአማትህ ጋር ለምን ተጣላህ?»

«ደንበኞቼ ከዚያ ከወርቁ አገር ወርቅ ይዘው ይመጣሉ። ከየትኛው ወንዝ እንደሆነ ስጠይቃቸው ይዋሹኛል። ካርታውን አንዴ አይቼ ውሸታቸውን ልያዝ ብዬ ነው። እሳቸው ደግሞ 'የመንግሥትን ዕቃ ለሱቅ አላውልም' አሉ። ጮህኩ፤ አልክድም። ግን እኔ ካርታ ሰርቄ ምን አደርገዋለሁ? ማንበብ እንኳ አላውቅም። ሚስቴ የላከችኝ ቤት ጠፍቶብኝ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ እሷን ይጠይቋት።»

«ካርታው በራሱ እግር ሱቅህ አልገባም።»

«መርዶው ሲመጣ ሱቄ ሰው ሞልቶት ነበር። ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ ኢንጂነሩ... ማን ማንን ያያል? እኔ ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።» ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «ሚስቴ ወሯ ገብቷል። ልጁ እኔ እዚህ እያለሁ ከተወለደ...»

ኢንስፔክተሩ ማስረጃ ክፍል ገብቶ ካርታውን ጠየቀ። ጠባቂው ፖሊስ ሉሁን ዘርግቶ ኖሮ መልሶ ሊጠቀልለው ሲታገል አገኘው።

«ይሄ ነገር እምቢ አለኝ፤ በዚህ ስጠቀልለው በዚያ ይገለበጥብኛል» አለ ፖሊሱ እያለከለከ።

«ሲገኝ እንዴት ነበር የተጠቀለለው?»

«ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆኖ። የእብድ አጠቀላለል ነው። ሰው ሥዕሉን ወደ ውስጥ አድርጎ ይሸፍነዋል እንጂ...»

የኢንስፔክተሩ እግር በላው። ወጥቶ አለቃው ቢሮ ገባና ከግድግዳው ላይ ባለ ሥዕሉን ካላንደር ነቀለ።

የዚያን ዕለት ኢንስፔክተሩ አበደ ተብሎ ነበር። ያገኘውን ሁሉ ካላንደር ሲያስጠቀልል ዋለ። ወርቅ ሠሪው በእስር ቤቱ ፍርግርግ መሃል ተቀብሎ ሥዕሉን ወደ ውስጥ አድርጎ ጠቀለለው። በር ጠባቂው እንዲሁ። የካርታ መሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር፣ ከሒሳብ ክፍል በሹመት የመጣው፣ «ይህ ምርመራ ነው ወይስ ጨዋታ?» እያለ ወደ ውስጥ ጠቀለለው። በመጨረሻ ለእትዬ ቁልፍ ሰጣቸው። እሳቸው ወሬያቸውን እንኳ ሳያቋርጡ ካላንደሩን ገልብጠው ሥዕሉን ወደ ውጭ አድርገው ጠቀለሉት።

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚያደርጉት?»

«ምኑን?»

«ሥዕሉን ወደ ውጭ።»

እትዬ ቁልፍ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት። «እ... ነገ ስንዘረጋው ጫፎቹ ወደ ጠረጴዛው እንዲወድቁ ነዋ። ወደ ውስጥ ከጠቀለሉት ሲዘረጉት ይጠቀለልና ጥፊ ይመታዎታል። የካርታ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ምነው?»

«ሱቅ ውስጥ የተገኘው ካርታ እንዲህ ነበር የተጠቀለለው።»

ሴትዮዋ የሚነግራቸው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። «እንግዲህ ቁልፉም የእኔ፣ አጠቀላለሉም የእኔ» አሉ ቀዝቀዝ ብለው። «የጥርስ ሐኪሙን ይጠይቁት። ሁለት ሰው ይዞኝ ነው የነቀለው። ጩኸቴን መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል።»

ጠየቀ። ሐኪሙ የተነከሰ ጣቱን አሳየው። ከምሳ በፊት ገብተው ከምሳ በኋላ ነው የወጡት፤ መሃል ላይ አንዴም ከወንበሩ አልተነሱም፣ ማስነሳትም አልተቻለም። ኢንስፔክተሩ እየተነጫነጨ ወጣ። ያለው አንድ ተጠርጣሪ እጁ ላይ ሟሟበት፤ በእሱ ፈንታ የሚተካው አልነበረም።

ሐዘን ቤቱ ሰው በሰው ላይ ነው። የሟቹ ልጅ ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሆዷ ከፊቷ ተቀምጧል። ለሐዘንተኛው ሻይ የሚያድሉት አንድ ረጅም፣ ጸጉራቸው ነጭ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያጎነብሱ እንኳ ክብራቸው አይጎነብስም። ኢንጂነሩ መሆናቸውን ሳይነገረው አወቀ።

«ከእንግዲህ የዚህች ልጅ አባት እኔ ነኝ» አሉት ብርጭቆ እየሰጡት። «ባሏን አደራ አይጨክኑበት። ልጅ ነው። ወርቅ ደግሞ ስንቱን አዋቂ አሳብዷል።»

«እሱ ነው ብለው ያምናሉ?»

«እኔ ምን አውቄ። ካርታው እሱ ጋ ተገኘ አሉ።» እያዘኑ ወደ ሌላው ሐዘንተኛ አለፉ።

ልጅቷ ኢንስፔክተሩን አይታ ዓይኗን ሰበረች። እሱ ለአንድ ጊዜ ያህል ግድ ሆኖበት ቁጢጥ አለ።

«እህቴ፣ አባትሽ ሰሞኑን እንዴት ነበሩ?»

«ዕረፍት አልነበረውም። ከአየር ላይ የተነሱትን ፎቶዎች ካየ ጀምሮ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ነው የሚያድረው። 'ምነው አባዬ' ስለው 'አንድ ሰው ያጠፋው ነገር አለ፤ እኔ አላጋልጠውም፤ ራሱ ይናገር፤ ሳምንት ሰጥቼዋለሁ' አለኝ።»

«ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገርሽም?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባሌን ማለቱ መሰለኛ፣ ጋሼ። ከእሱ ጋር አይደል የተጣሉት? እኔ ራሴ... እኔ ራሴ ጠረጠርኩት። አሁን አባቴን ቀብሬ ባሌን ደግሞ በአፌ ልቅበረው? እውነቱን ንገረኝና ልረፍ። እሱ ከሆነም እሱ ነው በለኝ።»

ኢንስፔክተሩ ተነስቶ ሲወጣ ሻዩን እንዳልቀመሰው ያወቀው በር ላይ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ፍርድ ቤት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው እትዬ ቁልፍን በሥራ ቦታቸው ቀድሞ ጠበቃቸው።

«ካርታዎቹን ልዘርጋቸው» አለ። «ሁሉንም። ጎን ለጎን።»

«ፖሊሶቹ ከወለሉ ለቃቅመው እንደ ጋዜጣ ከመሯቸው፤ 'እንዳትነኪ' አሉኝ።»

«አሁን ይንኩ።»

ፎቅ ላይ ያለው አዳራሽ ወለሉ ሰፊ ነበርና እዚያ ወሰዷቸው። ባለ መዶሻው የኢንጂነሩን ስም ሰቅሎ ጨርሶ ሄዷል፤ የወርቅ ቀለም የተቀቡት ፊደላት ከግድግዳው ላይ ያበራሉ። ሁለቱ በጉልበታቸው እየሄዱ ሉህ ከሉህ እየገጠሙ፣ ያ የሩቅ አገር ወለሉ ላይ ቀስ በቀስ ተነጠፈ፤ ሸለቆው፣ ወንዙ፣ ከወንዙ ዳር የወርቅ ጉድጓዶቹ እንደ ቁንዶ በርበሬ ተበትነው። ነፋሱ በአንድ በተሰበረ መስኮት እየገባ ጫፋቸውን ባነሳ ቁጥር እትዬ ቁልፍ ጫማቸውን እያወለቁ ያስቀምጡበታል። ጫማ ሲያልቅ የኢንስፔክተሩን አስወለቁት።

ከጣቢያ ያመጣውን የወርቅ ሉህ ቦታው ላይ ከተተው። ገጠመ። ከእሱ በላይ ግን፣ በሰሜን በኩል፣ የሲሚንቶው ወለል ታየ።

«እዚህጋ ያለው የታል?»

እትዬ ቁልፍ ጠጋ ብለው አዩ። ከዚያ የቀሩትን ሉሆች እንደገና ዞሯቸው። «የተራራው ሉህ... የለም። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ሁሉም ነበሩ፤ ለማስተያየቱ ሥራ ጋሽ ኮረብታ ሲቆጥሩ እኔ አብሬ ነበርኩ። የወርቁ ጠፋ ሲባል ሁላችንም እሱን ብቻ ስንፈልግ...»

«እዚህ ተራራ ላይ ወርቅ አለ?»

«ምን ወርቅ። ዝንጀሮ እንኳ በነጻ ቢሰጡት የማይኖርበት ገደል ነው። ማንም ጠይቆት አያውቅም።»

«ወርቅ የሌለበትን ካርታ ማን ይሰርቃል?» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ለራሱ። በባዶ እግሩ ወለሉን ይመላለስ ጀመር። «ወርቁን የወሰደው ሰው ወርቁን አልፈለገውም። ሱቅ ውስጥ ጥሎት ሄደ። የፈለገው ሌላውን ነው። አንዱን ያጠፋው ሌላው እንዳይፈለግ ነው።»

«እኔ እንጃ። የታሰረው ግን ምስኪኑ ልጅ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ።»

ይሄኔ ነፋሱ የወርቁን ሉህ አነሳው። ኢንስፔክተሩ ዘሎ በሁለት እጁ ያዘው፤ ወረቀቱ በመስኮቱ ፊት እንደ መጋረጃ ቆመ። የጠዋቱ ፀሐይ ከኋላው ነበረች። ካርታው ላይ ክዋክብት ወጡ፤ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች፣ አንዱ ኮረብታ ጫፍ ላይ፣ አንዱ ወንዙ መታጠፊያ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር።

«ምንድን ናቸው እነዚህ? ብል በልቶት ነው?»

«ዓይኖቹ ናቸው» አሉ እትዬ ቁልፍ። «የድሮ ቀያሽ እኮ ጠረጴዛውን በሦስት እግር አቁሞ፣ ወረቀቱን ላዩ ላይ ወጥሮ፣ እዚያው ሜዳው ላይ ቆሞ ነው የሚስለው። የቆመበት ነጥብ ላይ መርፌ ይተክልና ማስመሪያውን በእሷ አስደግፎ ያዞራል። ስለዚህ ሰውየው የቆመበት ቦታ ሁሉ ዓይን ያወጣል።»

«ያልቆመበትስ?»

«ያልቆመበትማ ዓይን አይኖረውም።»

ወለሉ ላይ ያለውን ክፍተት ሁለቱም አዩት።

«የተራራውን ሉህ የሠራው ማነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

እትዬ ቁልፍ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የወርቅ ፊደላት ብቻ አዩ።

ኢንጂነሩ ቤት ሲደርስ በሩን የከፈቱለት ራሳቸው ናቸው። ወደ ሐዘን ቤት ሊሄዱ ጥቁር ለብሰዋል። ሳሎኑ ንጹሕና ፀጥ ያለ ነው፤ ነፋሱ ብቻ የጓሮውን በር አንዴ ይከፍተዋል፣ አንዴ ይመታዋል።

«ይቀመጡ ልጄ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። አንድ ሉህ ጠፍቶብን ነው፤ የተራራው።»

ይክዳሉ ብሎ ነበር የጠበቀው። ሽማግሌው ግን ፊታቸው ፈካ። «እሱ ነው እንዴ ያስጨነቃችሁ? እኔ ጋ ነው። ወዳጄ ነው የሰጠኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ለአዳራሹ ምረቃ እንዲታይ ብሎ። ለመሥሪያ ቤቱ ሳልነግር በመቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ወደ ውስጥ ገቡና ጥቅል ይዘው ተመለሱ። ጠረጴዛው ላይ ሲፈቱት ጫፎቹ በታዛዥነት ወደ ታች ተኙ።

«መቼ ነው የሰጡዎት?»

«ኧረ ሰነበተ። ሳምንት አለፈው።»

ካርታው ውብ ነበር። የከፍታ መስመሮቹ እንደ ተበጠረ ጸጉር ተከታትለው ይወርዳሉ፤ አንዱ ተራራ ከሌላው ትከሻውን አስተካክሎ ቆሟል። ኢንስፔክተሩ ዝም ብሎ አየው።

«ወደ መስኮቱ ይያዙት እስቲ» አሉ ኢንጂነሩ። «ዓይኖቹን ይመልከቱ። ጫፍ በጫፍ ነው የወጣሁት።»

ኢንስፔክተሩ ስለ ዓይን አንድም ቃል አልተነፈሰም ነበር። ሉሁን አንስቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ክዋክብቱ ወጡ። እያንዳንዱ ተራራ አናት ላይ፣ አንድ እንኳ ሳይጎድል።

ከዚያ በያዘበት መዳፉ የወረቀቱን ጀርባ ዳበሰው። ቆረቆረው። ሳይላጭ ያደረ አገጭ ይመስል ነበር። ከቦርሳው የወርቁን ሉህ አወጣና ጀርባውን ዳበሰ፤ ለስላሳ ነው። ስንት ዘመን ሉህ በላያቸው ተጭኖ የተኙት ቀዳዳዎች ተጠፍጥፈው፣ ጠርዛቸው በመርፌው ዝገት ቡኒ ሆኖ ከወረቀቱ ጋር ተዋህደዋል። የተራራው ዓይኖች ግን ጠርዛቸው ገና ነጭ ነው፤ አዲስ የተወጉ ናቸው።

«እጅዎን ይስጡኝ» አለና የሽማግሌውን ጣቶች ይዞ አንዱን ሉህ፣ ከዚያ ሌላውን አስዳሰሳቸው። ኢንጂነሩ እጃቸውን አልነጠቁም።

«ይህ ሉህ ከትናንት ወዲያ ጠዋት መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ የቆጠሩ ሰዎች አሉ» አለ ኢንስፔክተሩ። «በምሳ ሰዓት ነው የወጣው። በሩንም የከፈቱልዎ እሳቸው ናቸው። መሳቢያዎቹ አንድ ላይ ሲከፈቱ ቁም ሣጥኑ እንደሚደፋ ያ ወርቅ ሠሪ አያውቅም፤ እርስዎ ያውቃሉ። መርዶ ነጋሪ መስለው ሱቁ ገብተው የወርቁን ካርታ ሲጥሉ ደግሞ እጅዎ በለመደው ጠቀለለው።»

የጓሮው በር ተመታ። ኢንጂነሩ ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ።

«ያኔ ንዳድ ይዞኝ ነበር» አሉ። «እሱ ወርቁ ጋ ወርዶ፣ እኔ ድንኳን ውስጥ። ተራራው ከሩቅ ይታየኛል፤ እግሬ ግን አይሸከመኝም። ያየሁትን ሳልኩ፤ ያላየሁትን ደግሞ መሰለኝ ብዬ ሳልኩ። እሱ ሲመለስ 'ጨረስክ?' አለኝ፤ 'ጨረስኩ' አልኩ። ከዚያ በኋላ ማንም እዚያ አልሄደም። ማን ይሄዳል? አሁን አውሮፕላን ከላይ አይቶ አንዱ ተራራ እንኳ ቦታው ላይ የለም አለ። ዓይን ካለው ስህተት ነው ይባላል፤ ከሌለው ውሸት።»

«እሳቸው ምን አሉዎት?»

«በምረቃው ቀን፣ ስሜ ሥር ቆሜ 'አልወጣሁም' እንድል። ሉሁን መስኮቱ ላይ ለጥፎ 'ዓይን የለውም፣ ተመልከት' አለኝ፤ ሳቀም። ገፋሁት። የብረቱ ጠርዝ...» እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ወስደው መለሱ። «መግደል አላሰብኩም።»

«ወርቅ ሠሪውን ልጅ በሐሰት መቅበርስ? ሚስቱ ከወሊድ በፊት ባሏን ስታጣ፣ እርስዎ ሻይ እየቀዱላት?»

ኢንጂነሩ ፊታቸውን ወደ ጓሮው በር አዞሩ።

ኢንስፔክተሩ እዚያው ቆሞ ስልክ ደወለ። አለቃው ፍርድ ቤት በር ላይ ደርሶ ነበር። «አሁን? መዝገቡን ላስገባ ስል?» አለ።

«አታስገባው። ልጁን ፍታው፤ በመኪና ሐዘን ቤቱ አድርሱት። ለሚስቱም እሱ አይደለም በላት፤ በእነዚህ ቃላት ነው የምትነግራት።»

«ካላንደሬስ?»

ዘጋበት። መኪና እስኪመጣ ኢንጂነሩ ቀስ ብለው ተነሱና ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የተራራ ሉህ ይጠቀልሉት ጀመር፤ ገልብጠው፣ ሥዕሉን ወደ ውጭ፣ ጫፉ እንዳይታጠፍ በአውራ ጣታቸው እየደገፉ። ኢንስፔክተሩ እጃቸውን ሲያይ ከቅድም ጀምሮ የከነከነው ነገር መጣበት።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለ። «ምድጃ አለዎት፣ ክብሪት አለዎት። ሁለት ሌሊት ሙሉ ቁጭ ብለው በመርፌ ከመውጋት ለምን አላቃጠሉትም?»

ሽማግሌው ጥቅሉን በክር አሰሩና አቀበሉት።

«ወረቀቱ ምን አደረገኝ?»